ስምንቱ ሽቦዎች

ጋሽ በሺር ስምንቱን ቀጫጭን ሽቦዎች መዳፋቸው ላይ ዘርግተው ወደ መስኮቱ ተጠጉ። ብርቱካናማው ይታያቸዋል፤ እሱስ ደግ ነው፣ አልከዳቸውም። አረንጓዴውና ሰማያዊው ግን የትኛው የቱ እንደሆነ እንጃ! ቡናማው ጭራሽ ከመዳፋቸው ቆዳ አልለይ አለ። ሽቦዎቹን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፣ አራቁ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ገለጡ። ምንም አልተለወጠም።

«አባ፣ ላግዝዎት?» አለች ልጃቸው ዊዳድ ከጓሮ ክፍሏ።

«አንቺ ልብስሽን ቀይሪ! ይሄ የኔ ሥራ ነው።»

ሥራቸውማ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆነው፣ ሙሉ አዳራሽ ጨልሞ ሰው ሁሉ ሲደናበር እሳቸው ነበሩ መብራት የሚመልሱት። ዛሬ ከሳሎኑ ሞደም እስከ ልጃቸው ክፍል አሥራ ሁለት ሜትር ገመድ መዘርጋት አቃታቸው። ዋይፋዩ ያንን ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አልፎ ጓሮ ሲደርስ ይመጣል፣ ይሄዳል። ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ የአዲስ አበባው መሥሪያ ቤት ዊዳድን በኮምፒውተር ይፈትናታል። መስመሩ ካማረ ደሴ ቤቷ ቁጭ ብላ የደንበኞችን ስልክ እየተቀበለች ትሠራለች። ካልሆነ ሻንጣዋን ይዛ ሥራ ፍለጋ መሄዷ ነው፤ ጋሽ በሺር እንዲያ ነው የገባቸው። ባለቤታቸው መዲና ካረፈች ሦስት ዓመት አልፏታል። ባዶ ቤት መቅረት ያስፈራቸዋል፤ ወላሂ ያስፈራቸዋል።

ዓይናቸው እየደከመ መሆኑን ቢነግሯት ግን ትቀራለች። ለሥራዋ ብላ አይደለም፣ እጃቸውን ይዛ ልትመራቸው። በሃያ አራት ዓመቷ የአባቷ ምርኩዝ ሆና ስትቀር ማየት አይፈልጉም። ስለዚህ ገመዱ መሥራት አለበት፣ እሷም ምንም ማወቅ የለባትም።

መሕሙድ ፋብሪካ ውስጥ ከእጃቸው ሙያ የተማረ ነው። ዛሬ ኮምቦልቻ ውስጥ የየቢሮውን ኔትወርክ የሚዘረጋው እሱ ነው። አንዱን ጫፍ ራሱ የገጠመለትን ገመድ፣ መጭመቂያውን ፒንሳና አራት የፕላስቲክ መሰኪያ ጫፎች ትናንት በሚኒባስ ላከላቸው፤ የቀለሞቹንም ቅደም ተከተል በስልክ ነገራቸው። በልጅነታቸው የቁርኣን ሱራ እንደሚሐፍዙት በቃላቸው ሐፈዙት። ምን ያደርጋል! ሦስቱን ጫፎች አበላሿቸው። በሦስቱም የሞደሙ መብራት ብልጭ እንኳ አላለም። የቀረው አንድ ጫፍ ነው፣ ሰዓቱም ሰባት ተኩል አልፏል።

ጋሽ በሺር እጃቸውን አፋትገው ተነፈሱበት።

«ዊዳድ! ነይማ። ይሄ ብርድ ጣቴን አደነዘዘው። እኔ ልንገርሽ፣ አንቺ ደርድሪ።»

መጥታ ከአጠገባቸው ተንበረከከች። ጣታቸው ምን ሆነ ብላ አልጠየቀችም፣ ቀና ብላም አላየቻቸውም። «እሺ አባ፣ ይበሉ» አለች።

«ብርቱካናማ ነጭ።»

«ይኸው።»

«ብርቱካናማ። ቀጥሎ አረንጓዴ ነጭ። አሁን ሰማያዊ፣ አደራ እንዳትሳሳቺ።»

እያንዳንዱን ስሙን እየደገመች ደረደረች። ፒንሳውን ራሳቸው ጨመቁ፤ ለጉልበትስ ማን ብሏቸው! ገመዱን ሞደሙ ላይ ሰካችው።

«በራ!»

«ምን አልኩሽ! አብሽሪ፣ አባትሽ እያለ!» አሉ። ልባቸው ቅቤ ጠጣ። አልጠረጠረችም። አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልጠረጠረችም።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ጎረቤት መጥቶ ገመዱን እንዳይረግጥ በሯ አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ገመዱ በበሩ ሥር ስለሚያልፍ በሩ ገርበብ ብሏል። የአንዲት ሴት ድምፅ ከአዲስ አበባ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ጎረቤት ሆና የምታወራ ነው የምትመስለው። ጠየቀች፣ ዊዳድ መለሰች። ሁለቱም ሳቁ። ጋሽ በሺርም ብቻቸውን ፈገግ አሉ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች ሴትዮዋ። «ጥር ላይ እዚሁ ቢሮ ቦታ ሰጥተንሽ ነበር። አልመጣም ብለሽ፣ ከቤቴ ካልሆነ አልሠራም ያልሽው ለምንድን ነው?»

ጥር? ስለ ጥር ማንም ምንም አልነገራቸውም። ጥር ላይ... ጥር ላይ ነበር ጎረቤታቸውን እቴነሽን ደጃቸው ላይ አግኝተው፣ ፊቷ አልለይ ብሏቸው፣ «ማን ልበል?» ያሏት። ዊዳድ አብራቸው ነበረች። «አባ ደግሞ ቀልድ አያልቅባቸው» ብላ ነገሩን በሳቅ አሳለፈችላቸው።

መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸው ወደ ሞደሙ ዞሩ። መብራቱ እንደበራ ነው።

«ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ» አለች ዊዳድ። ኮቴዋ ወደ በሩ መጣ። ጎንበስ ብላ ገመዱን እንዳይጨፈለቅ በጣቷ አስተካከለችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ከዚያ ወዲያ የተባለው አልተሰማቸውም።

ጋሽ በሺር አፈሩ፤ ልጃቸው አሳዘነቻቸው። ከዚያ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው መሕሙድ ጋ ደወሉ።

«ጋሽ በሺር! ሠራልዎት?»

«ሠራ። አላህ ይስጥህ። መሕሙድ፣ ነገ ቦሩ ሜዳ ሐኪም ቤት የሚያደርሰኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

«ምነው፣ ማን ታሞ ነው?»

ድምፃቸውን ዝቅ ሊያደርጉ ወደ ተዘጋው በር ዞሩ። ተዉት።

«እኔ ነኝ» አሉ ጮክ ብለው። «ዓይኔ አያይም።»