የግርጌ ማስታወሻ ሠላሳ አንድ

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ረጋ ብዬ እንድተርክ የሚጠብቅ ካለ ይቅርታ ያድርግልኝ፤ መርጋት አልቻልኩም።

እኔ የነገረ መለኮት መምህርት ነኝ። ኮንትራቴ በየዓመቱ የሚታደስ፣ ቋሚ ለመሆን አንድ የታተመ ጥናት ብቻ የሚጎድለኝ። ያን ቀን በሁለት ክፍለ ጊዜ መሃል ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የኮሌጃችንን ጆርናል አዲስ ዕትም ገለጥኩ። የመጀመሪያው ጽሑፍ የፕሮፌሰሩ ነው፤ እኔን ራሴን ያስተማረኝ፣ አሁን ደግሞ የቅጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ የሆነው ሰውዬ። የጻፈው ሐዘንተኛ ፊት ዝም ስለማለት ነው። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ የራሴን ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። ሦስተኛውም የእኔ። ገጹን በገለጥኩ ቁጥር የማነበው ራሴን ነው፤ ነጠላ ሰረዞቼ እንኳ አልተነኩም።

ጥናቱን ከአሥራ አራት ወር በፊት ለዚሁ ጆርናል ልኬው ነበር። ከሁለቱ ገምጋሚዎች አንደኛው አመሰገነኝ። ሁለተኛው በአንድ መስመር ጣለኝ፦ «ይህ የቀባሪ ወሬ እንጂ ጥናት አይደለም።»

አባቴ መቃብር ቆፋሪ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ። የጥናቴም እምብርት ለእኔና ለወንድሜ ከልጅነታችን ጀምሮ ሲነግረን የኖረው ቃሉ ነው፦ «አፈር ሲወርድ አታውሩ። ያን ሰዓት የሚያወራ ሰው የሚያጽናናው ራሱን ነው።» ስንት መደርደሪያ ያነበቡ ሰዎች እዚህ ቃል ላይ አልደረሱም።

መጀመሪያ ስጽፈው «አባቴ» ብዬ ነበር፤ አሥራ አንድ ቦታ። አዘጋጁ መለሰልኝ። ግምገማው ስም አልባ ስለሆነ፣ ጸሐፊው ማን እንደሆነ የሚያስታውቅ ነገር ሁሉ ይውጣ አለ። ደንብ ነው፤ አሥራ አንዱንም ሰርዤ «አንድ አረጋዊ መቃብር ቆፋሪ» አልኩ። ያኔም አባቴን በገዛ እጄ የካድኩት መስሎኝ ነበር። ቃሉን እንደ ቃለ መጠይቅ የጠቀስኩበት የግርጌ ማስታወሻ ላይ፣ ቀን በሚጻፍበት ቦታ ደግሞ «በተለያዩ ጊዜያት» ብዬ አለፍኩ። ልጅ ከአባቷ ጋር ያወራችበትን ቀን መዝግባ ትይዛለች እንዴ?

ፕሮፌሰሩ ግን ደንብ አክባሪ ነው። ጆርናሉ ቀን የሌለው ቃለ መጠይቅ ስለማይወድ፣ ለግርጌ ማስታወሻ ሠላሳ አንድ ቀን ፈጠረለት። ቀን፣ ወርና ዓመት ሳይጎድል። «ከአንድ አረጋዊ መቃብር ቆፋሪ ጋር በሥራ ቦታቸው የተደረገ ቃለ መጠይቅ።» ያ ቀን አባቴ ከተቀበረ ሁለት ዓመት ከአራት ወር በኋላ ነው። ከዚህ ወዲያ ለዚህ ሰው አንቱታ የለኝም።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። የአባታችንን ሥራ የወረሰው እሱ ነው።

«የቀብር መዝገቡን ገጽ ኮፒ አድርገህ ላክልኝ። የአባባን።»

«እታለም፣ ምን ሆንሽ? ድምፅሽ ልክ አይደለም።»

«አባባን ሰርቀውታል።»

«መቃብሩን?»

«ቃሉን።»

«መቃብሩን ቢሆን ይሻል ነበር» አለ። «እሱን እንኳ መልሼ እቆፍረው ነበር።»

የጆርናሉን አዘጋጅ «ነጠላ ሰረዝ» ነው የምንለው፤ ነገር ያስረዝማል እንጂ አራት ነጥብ ላይ ደርሶ አያውቅም። ቢሮው ገብቼ የእኔን ጽሑፍ፣ የታተመውንና የመዝገቡን ገጽ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋሁለት።

«ገምጋሚው ማን እንደነበረ መናገር አልችልም» አለ፤ «ደንቡ ስለማይፈቅድ፣ ማለቴ…»

«አይንገሩኝ። የጣለኝና የሰረቀኝ አንድ ሰው መሆኑን ላብዎ እየነገረኝ ነው።»

«እህቴ፣ ሐሳብና ሐሳብ አንዳንዴ ይገጣጠማል።»

«ነጠላ ሰረዙም ይገጣጠማል? ቀኑንስ ይመልከቱት እስቲ። ትንሣኤ ሙታን ሆኖ እኔ ሳልሰማ ቀረሁ?»

መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። መልሶ አደረገው። የመዝገቡን ገጽ ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ሳበው።

«ይሄን ተዪልኝ። ቦርዱ ያየዋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

ተውኩለት። ሞኝነቴ እዚያ ላይ ነበር።

በሳምንቱ ፕሮፌሰሩ ደረጃው ላይ ብቻዬን አገኘኝ። ትከሻዬን ያዝ አደረገና «ልጄ፣ አባትሽ መሆኑን ባውቅ ኖሮ እኮ አላደርገውም ነበር» አለኝ።

«የሌላ ሰው አባት ቢሆን ይሰረቃል?»

እጁን አነሳ። «የኮንትራትሽ ጉዳይ ኮሚቴ ፊት ነው። አትቸኩይ» ብሎኝ ወረደ። የደረጃውን ብረት ይዤ ቆምኩ። የሰማው ሰው የለም።

ቀጣዩ ዕትም ወጣ። መጨረሻው ገጽ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፦ «ማስተካከያ። በግርጌ ማስታወሻ 31 ላይ የሰፈረው ቀን የኅትመት ስህተት ስለሆነ በሚከተለው ይተካ።» አዲሱ ቀን አባቴ ሊሞት ስድስት ሳምንት ሲቀረው ነው። የሰጠኋቸውን ማስረጃ ተቀብለው ውሸታቸውን በልኩ ሰፉበት! ሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ። ንባብ ክፍሉ ውስጥ ጮህኩ፤ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አየኝ።

ቀኑን ደግሜ አየሁት። ሦስተኛ ጊዜም አየሁትና ጩኸቴን ዋጥኩ። በዚህኛው ቀን አባቴ በሕይወት ነበር፤ እውነት ነው። ግን እንዴት ሆኖ እንደነበር የምናውቀው እኔና ወንድሜ ብቻ ነን። ይሄኛውን ለነጠላ ሰረዝ አልነገርኩትም። አንድ ጊዜ አስተካክለዋል፤ ይበቃቸዋል።

በዓመታዊው ጉባኤ ላይ ፕሮፌሰሩ ጽሑፉን ሊያቀርብ ተጋበዘ። ወንድሜን ይዤው ሄድኩ። ከሥራ በቀጥታ ስለመጣ ቦቲው ላይ አፈር አለ፤ በር ላይ ያለው ሰው ከእግር እስከ ራሱ አየው፣ ግን አሳለፈን። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በማግስቱ ነበር። ያን ቀን እጄን ካነሳሁ ሥራዬ እንደሚያልቅ አውቃለሁ፤ ወንድሜም ያውቃል። የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ አነሳሁ።

«ፕሮፌሰር፣» አልኩ፤ በአደባባይ ስለሆነ አንቱታውን ለአፍታ አዋስኩት። «መቃብር ቆፋሪው ያን ቀን ምን አሉዎት? በራሳቸው አንደበት ያሉትን ብንሰማ።»

ዓይኑን ጨፈን አደረገ። «አካፋቸውን ተደግፈው ነበር። ድምፃቸው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ‹አፈር ሲወርድ አታውሩ› አሉኝ።»

አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። አንዲት ሴት ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

«ቀኑ የተስተካከለው ነው አይደል?»

«የተስተካከለው ነው።»

ወንድሜ ተነሳ። ማይክሮፎን ሲያቀብሉት አልተቀበለም።

«እኔ የዚያ ሰውዬ ልጅ ነኝ» አለ። «የሐኪም ወረቀቱ ይኸው። አባባ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ለመጨረሻዎቹ አምስት ወራት ከአልጋ አልወረደም። አንድ ቃል አልወጣውም። ውሃ እንኳ የሚለምነኝ በዓይኑ ነበር።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ሁለት መቶ ሰው ተቀምጦ አንድም የሚያስል አልነበረም። ነጠላ ሰረዝ ከፊት ወንበር ላይ አንገቱን ደፋ። ያ ዝምታ የአባቴ ነበር፤ ስንት ወር ስጮህ የከረምኩት ለሱ ነው። ወንድሜ ቁጭ አለና እጄን ያዘኝ።

ፕሮፌሰሩ ግን ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠግቶ ማውራት ጀመረ።