አምስተኛዋ ሯጭ

ሜርል ኦደጋርድ በአሜሪካ፣ አይዋ ግዛት ውስጥ፣ በበቆሎ እርሻ በተከበበች ትንሽ ኮሌጅ የአገር አቋራጭ ሯጮችን ማሰልጠን ከጀመረ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የወንዶቹም የሴቶቹም አሰልጣኝ እሱ፣ የሚኒባሱ ሾፌር እሱ፣ ማሊያ አጣቢውም እሱ። ዘንድሮ ግን ወገቡም ልቡም እምቢ ብለውታል።

ወንዶቹ ዘጠኝ ስለሆኑ ለክፉ አይሰጡም። ሴቶቹ አምስት ብቻ ናቸው። በዚህ ሩጫ ደግሞ አምስት ሰው ካልጨረሰ ቡድን ነጥብ የለውም፤ አንዷ ከቀረች የአራቱ ልፋት ውሃ በላው ማለት ነው። የስፖርት ክፍል ኃላፊዋ በመስከረም ጠርታ፣ "ሜርል፣ በሊጉ ውድድር ሴቶቹ ካልተሟሉ ለከርሞ ቡድናቸው እንዳይታገድ የምከራከርበት አፍ የለኝም" ብላዋለች። ለልጆቹ አልነገራቸውም። እነሱ ግን ከሌላ ሰምተዋል፤ ትንሽ ግቢ ወሬ አይደብቅም።

የውድድሩ ዕለት ሜዳው በዝናብ ላቁጦ ነበር። ሜርል አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቆሞ ጠበቀ። አራቱ አለፉ። ካሪስ የምትባለው የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከሁሉም ኋላ፣ ግራ እግሯን እየጎተተች መጣች። ማክሰኞ ደረጃ ስትወርድ ስታነክስ አይቷት ጠይቋት ነበር። "ጡንቻ ነው" አለችው። ማመን ስለፈለገ አመነ።

"ካሪስ፣ ቁሚ!"

"ደህና ነኝ ኮች!"

"ቁሚ አልኩሽ!"

"ሁለት ኪሎ ሜትር እኮ ናት የቀረችኝ! እኔ ከቆምኩ ቡድኑ አለቀለት!"

አሰልጣኝ ሯጩን ከነካ ውድድሩ ለሯጩ እዚያው ያበቃል። ሜርል ይህን እያወቀ መሮጫውን በከለለው ገመድ ስር ሾልኮ ክንዷን ያዘ። ደረቱን በቡጢ መታችው፤ ከዚያ እላዩ ላይ ተደግፋ ተንሰቀሰቀች።

የቡድኑ አምበል ጆሊን ሦስተኛ ወጥታ ነበር። የአራተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ የመጨረሻ ውድድሯ ነው። ጭቃዋን ሳትጠርግ መጥታ ፊቱ ቆመች።

"እየተንፏቀቀችም ቢሆን ትጨርስ ነበር! አራት ዓመት በብርድ ከአልጋ የጎተቱኝ ለዚህ ነው?"

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጆሊን። ከማክሰኞ ጀምሮ አውቄ ዝም ብያለሁ። መሮጥም አልነበረባትም።"

ጆሊን አንገቷን ደፋች። "እኛስ መች አጣነው" አለች ቀስ ብላ። "ማታ ማታ እግሯ ላይ በረዶ የምንይዝላት እኛው ነን።"

ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ሲያሳያቸው የካሪስ የቅልጥም አጥንት ተሰንጥቋል። "ትንሽ ብትገፋበት ለሁለት ይከፈል ነበር" አለ። ሜርል እፎይ አላለም። ሳምንቱን ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ እያለ ራሱን ሲበላ ከረመ።

የሴቶቹ ቡድን ለከርሞ ታገደ። ኃላፊዋ ስትነግረው አልተሟገተም፤ የሚሟገትበት ጉልበት አልነበረውም። "ከወንዶቹ ጋር ቢለማመዱ የሚከለክል ሕግ አለ?" ብቻ አላት። የለም አለችው።

ሰኞ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ማንም ካልመጣ ተመልሶ እተኛለሁ ብሎ ነበር፤ እንዲያውም በልቡ ተመኝቶታል። ወንዶቹ አንድ በአንድ ተንጠባጠቡ። ከኋላቸው ሁለት ሴቶች፣ እጃቸውን እጅጌያቸው ውስጥ ቀብረው፣ እያዛጉ መጡ።

"ዛሬ ስንት ኪሎ ሜትር ነው ኮች?" አለች አንደኛዋ።

"አስር" አላት ሜርል፤ ድካሙ እንዳለ ነው፣ ፊሽካውን ከኪሱ ይፈልግ ጀመር።