ጠጅቱ አልቀበልም ያለች ዕለት

ጠጅቱ ገርባ ድምፅዋን ማሠልጠን የጀመረች ሰሞን ሱሉልታ ሰላም አጣች። አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ሆና ስትማር፣ ማዳም አራክሲ የሚባሉ አርመን የሙዚቃ መምህርት ጉሮሮዋን ሰምተው «ይቺ ልጅ ለኦፔራ ነው የተፈጠረችው» አሉና ያዟት። ለእረፍት አገሯ ስትመጣ ታዲያ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ቆማ ያንን ቀጭን ድምፅ ስትለቀው ጎረቤት ዱላ ይዞ ይወጣል። ጅብ ነው ያለ አለ፤ ዛር ነው ብሎ ጠበል ያዘዘም አለ። እሷ ግን ሲስቁባት የባሰ ከፍ ታደርገዋለች። እልኸኛ ናት፣ ምን ታድርግ!

አባቷ ኦቦ ገርባ «ልጅዎ አዝማሪ ሆነች» እየተባሉ አንገታቸውን ደፍተው ከረሙ። ቀና ያሉት የሚያርሱት መሬት ጌታ፣ ፊታውራሪ ወንዳፍራሽ፣ «ሮም ሄዳ እንድትማር አስፈቅድላታለሁ፤ መጀመሪያ ግን ሰበታ ግቢዬ መጥታ እንግዶቼ ፊት ትዝፈን» ያሉ ጊዜ ነው። የጠጅቱ ሮም እንግዲህ በእኚህ ሰው አፍ ላይ ተንጠለጠለች።

ቀኑ ደረሰ። ፒያኖው ከቤት ወጥቶ ጥላ ሥር ተቀመጠ፤ ማዳም መቱ፣ ጠጅቱ ዘፈነች። እንግዳው ጣልያንኛው ባይገባውም ጸጥ ብሎ ያዳምጥ ነበር። ግማሽ ላይ ስትደርስ ፊታውራሪ፣ ጠጁ ሞቅ አድርጓቸው፣ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ተቀበይ!
ወንዳፍራሽ ሲነሳ ጦሩን አነጣጥሮ፣
ጠላት ይበተናል እንደ ፈራ ዶሮ።»

በአገሩ ደንብ ጌታ ግጥም ሲሰጥ ዘፋኝ የያዘውን ጥሎ ያንኑ ተቀብሎ ያዜማል። ፊታውራሪም ክፋት አልነበረባቸውም፤ ማክበራቸው ነበር።

ጠጅቱ ሰማች፤ ዘፈኗን ግን ቀጠለች። ያልሰማች መስሏቸው ደገሙት። ፒያኖው ብቻውን በሚሄድበት መሀል አባቷ ተጠግተው፣ «ተይ ኢንተላኮ፣ ተይ ልጄ፣ ሁለት ስንኝ ናት፤ ተቀበያቸውና ሮምሽን ሂጂ» አሏት በሹክሹክታ።

«አባኮ፣ ዛሬ ከተቀበልኩ ዕድሜዬን ሙሉ ስቀበል ልኖር ነው» አለች።

ፊታውራሪ ለሦስተኛ ጊዜ «ተቀበይ!» ሲሉ ጠጅቱ ከፍተኛው ድምፅ ላይ ደርሳ ነበርና ጩኸታቸውን ዋጠችው። እስከ መጨረሻውም ዘፈነች።

«አዝማሪ እንኳ ያከብረኛል! አንቺ ማነሽ?»

«ዘፋኝ ነኝ፣ ጌታዬ። ግጥምዎን የሚቀበል አይጠፋም። እኔ ግን የጀመርኩትን ለማንም አላቋርጥም።»

«እንግዲያው ሮምን በሕልምሽ እያት!» ብለው ወደ ቤት ገቡ። ጌታው ከገባ ማን ይቀራል? እንግዳውም ተከትሎ ገባ።

የጠጅቱ ሮም ቀረች፣ በቃ። እንባዋ ቢመጣም ማንን ደስ ይበለው ብላ ዋጠችውና ወደ ማዳም ዞረች።

«ሁለተኛውን ዘፈን ይምቱልኝ።»

«ለማን?» አሉ ማዳም፣ ባዶውን ወንበር ሁሉ እያዩ።

ኦቦ ገርባ ልጃቸውን አዩ፤ ቤቱንም አዩ። ከዚያ አሽከሮቹ እያዩዋቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ጭሰኛ ተቀምጦበት በማያውቀው በፊታውራሪ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ለእኔ» አሉ። «ጮክ አድርጊው፣ ውስጥ ድረስ ይሰማ።»