የአራቱ ቡድኖች ማልያ

ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። ይህን አልረሳሁም። አንደኛው ኮፍያ አድርጓል፣ ሁለተኛው ከዘራ ይዟል፤ ወይም ኮፍያውም ከዘራውም የአንዱ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎታል። እኔ መኪና ግርግር ላይ፣ የስፌት መኪኖች ከጠዋት እስከ ማታ በሚንጫጩበት በዚያ ጠባብ ቁልቁለት፣ ገና ክር ማስገባት እየተማርኩ ነው። ሽማግሌዎቹ ሱሪ እስኪታጠፍላቸው ቆመው ስለ ሰፈር ኳስ ያወራሉ።

«ጉልበተኞቹ ለብቻቸው ከተጫወቱ ሌላው ልጅ የት ይሄዳል?» አለ አንደኛው።

ሁለተኛው መለሰለት። ምን ብሎ እንደመለሰ ግን አላውቅም፤ መኪናዬን ስረግጥ ድምፁ ዋጠው። የማስታውሰው ሁለቱም ቁልቁል ወደ መንገዱ መጨረሻ ማየታቸውን ብቻ ነው።

ቀና ስል አለቃዬ ጋሽ አሰፋ እያዩኝ ነበር። «ኒቆዲሞስ፣» አሉኝ፣ «እግርህ ይርገጥ፣ ጆሮህ ይተኛ።»

የመንገዳችን ሕግ ይህ ነው። ሰው ልብስ ሰፊ አጠገብ ቆሞ የጋብቻውን፣ የፍቺውን፣ የበሽታውን ጉዳይ ያወራል፤ የመኪናው ጩኸት ጆሯችንን የደፈነው ይመስለዋል። እውነቱን ለመናገር ሁላችንም እንሰማለን። ጥቂት ዓመት ከረገጡ በኋላ ጆሮ እንደ ወንፊት ነው፤ ጩኸቱን ጥሎ ቃሉን ያስቀራል። ግን ማንም አያወጣም። ያወጣ ሰፊ ጨርቅ የሚያመጣለት የለም። እኔም አውጥቼ አላውቅም። የንስሐ አባቴ እንኳ የራሴን ኃጢአት እንጂ የደንበኛ ነገር ከአፌ ሰምተው አያውቁም።

ባለፈው ሰኞ ነስሮ መጣ።

ነስሮን መጥፎ ሰው አድርጌ መጻፍ አልችልም። የቀድሞ ቦታዬ የፈረሰ ጊዜ፣ «አቦ ኒቆ፣ በረንዳዬ ላይ ተቀመጥ፤ ጥላው ለአንተ አይጎድልም» ያለኝ እሱ ነው። ዘጠኝ ዓመት ተቀምጬበታለሁ፤ አንድ ቀን ፊቱን አጥቁሮብኝ አያውቅም። ሦስት ሱቅና አምስት የጭነት መኪና አለው፤ ከሁሉም የሚወደው ግን «ኮከብ» የሚባለውን የኳስ ቡድኑን ነው።

በከተማችን አሥራ ሁለት የሰፈር ቡድኖች አንድ ሊግ አላቸው። ከጀጎል ግንብ ውስጥም ከግንቡ ውጭም ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ሳይመርጥ ሁሉም ከሁሉም ጋር፣ በጋራ ውል በያዙት አንድ ሜዳ ይጫወታል። አራቱ ባለሀብት ያላቸው ናቸው። ስምንቱ ያላቸው ልጅና አቧራ ነው። የእኛ የኤረር በር ቡድን ከስምንቱ አንዱ ነው።

ነስሮ ሁለት ጆንያ ማልያ አስወረደ። ቀለማቸው አራት ዓይነት ነው፤ ደረታቸው ላይ ግን አንድ ዓይነት፣ አይቼው የማላውቀው አርማ አለ። ጀርባቸው ላይ ስምና ቁጥር እንድሰፋ ዝርዝር ሰጠኝ። አብሮት አቶ በቀለ ነበር፤ ሥራ ተቋራጭ ነው፣ የሌላ ሀብታም ቡድን ባለቤት። እኔ መርገጥ ጀመርኩ፣ እነሱ ማውራት ጀመሩ።

«ቅዳሜ የሊጉ ስብሰባ ላይ እንንገራቸው?» አለ አቶ በቀለ።

«ምኑን ነው የምትነግራቸው? ቅዳሜ 'የሜዳውን ውል እኛ እንያዝላችሁ፣ አትድከሙ' እንላለን። ይፈርማሉ። ሰኞ ቁልፉ እጃችን ይገባል። የራሳችን ሊግ መኖሩን ከዚያ ይሰማሉ። እነዚያ የአውሮፓ ሀብታም ክለቦች የራሳቸውን ሊግ እንጀምር ሲሉ ምን ሆኑ? ፈረስ መጋላ ካፌ ቁጭ ብለን አላየንም? ቀድመው አወሩ፣ ሕዝቡ ጮኸ፣ በሁለት በሦስት ቀን ተበተኑ።»

«እዚህ ማን ይጮኻል ብለህ ነው?»

«ማንም። ግን ዕድሉን ለምን እንሰጣለን፣ አቦ?»

«ስምንቱስ?»

ነስሮ ሳቀ። «ያጨበጭቡልናላ! ተመልካችም ያስፈልጋል እኮ።»

ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ ደንቆሮ እንደሚያናግር ሰው ጮኸ፤ «ኒቆ! አርብ ይደርሳል?»

«ይደርሳል፣» አልኩ።

ከሰኞ ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምክንያቱ ባርኮት ነው።

ባርኮት ልጄ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ታህሪብ ወጥቶ ነበር፤ በደላላ፣ በእግሩ፣ ወደ ባሕሩ። ጅቡቲ ተይዞ መለሱት። አብረውት ከወጡት ሁለቱ አልተመለሱም፤ ስለ እነሱ ጠይቄው አላውቅም፣ ነግሮኝም አያውቅም። አራት ወር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ከአልጋው ያስነሳው የኤረር በር ቡድን አምበል ታደሰ ነው። በር አንኳኩቶ፣ «ግራ ክንፍ የለንም፤ አንተ ደግሞ መሮጥ ትችላለህ ሲሉ ሰምቻለሁ» አለው። ባርኮት ሳቀ። እናቱ በለጡ ያን ሳቅ ሰምታ ማጀት ገብታ አለቀሰች።

የሄደበት ጥቁር ቦርሳ ግን ቤታችን አለ፤ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ጣለው ልለው አልደፈርኩም። በየጠዋቱ ከጸሎት በፊት ዓይኔ ወደ ምስማሩ ይሄዳል። ቦርሳው ካለ አማትባለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ለበለጡም አልነገርኳትም። የሄደ ዕለት ሊነጋ ሲል የግቢው በር ሲዘጋ ሰምቻለሁ። ነፋስ ነው አልኩ። ወደ ግድግዳው ዞርኩና ተኛሁ።

አርብ በጁምዓ ሰዓት ጎረቤቶቼ መኪኖቻቸውን ሸፍነው ወደ መስጊድ ሄዱ። መንገዱ ጸጥ አለ፤ የእኔ መኪና ብቻ ትንጫጫለች። የኮከብን ማልያ ልጨርስ ነበር። ዝርዝሩን ወደ ታች አየሁ። አሥራ አንድ ቁጥር፣ ባርኮት ኒ. ይላል።

እግሬ ቆመ።

መጀመሪያ የተሰማኝን ልጻፈው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ተመስገን አልኩ። ልጄ ቦታ አግኝቷል፣ አይሄድም አልኩ። የሌላው ልጅ ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው። ስሙን በቢጫ ክር ሰፋሁት፤ የመጨረሻዋ ፊደል ዘመም አለች።

ነስሮ ከሶላት ሲመለስ ማልያዎቹን አስረከብኩት። አንዱን ዘርግቶ፣ «ማሻአላህ! አቦ እጅህን አላህ ይጠብቀው» አለኝ። ከኪሱ ቴምር አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። አልበላሁትም።

መኪናዬን ሸፍኜ ወደ ጋሽ ማሒር ቤት ሄድኩ። መንገዴ ላይ ፈረስ መጋላ መድኃኔዓለም በር ቆሜ ተሳለምኩ፤ ምን እንደምለምን ግን ቸገረኝ። ጋሽ ማሒር የሊጋችን ሰብሳቢ ናቸው። ጀጎል ውስጥ ከአባታቸው በወረሱት ቤት መጽሐፍ ይጠርዛሉ። ነደባው ላይ፣ ቀይ በተቀባው መደብ ላይ ማለቴ ነው፣ ተቀምጠው ቆዳ ይቆርጡ ነበር።

«ጋሽ ማሒር፣ ነገ የሚፈረም ወረቀት ካለ ቶሎ አይፈርሙ፣» አልኳቸው።

ቢላውን አስቀመጡ። «ለምን?»

«ዝም ብዬ ነው።»

«ዝም ብሎ እዚህ ድረስ የሚመጣ ሰው አለ? ምን ሰማህ?»

ጠበቁኝ። እኔን ሰው ትዕግሥተኛ ነው ይለኛል፤ እሳቸው ግን ይብሳሉ። በመጨረሻ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ነገርኳቸው፤ ሜዳውን፣ ቁልፉን፣ ሁሉን። የባርኮትን ስም ግን ዘለልኩት።

«መኪናህን እየረገጥክ ነው የሰማኸው?»

«አዎ።»

«ያ አላህ፣» አሉና ጺማቸውን ያዙ። «እንግዲህ እኔ ነገ ተነስቼ 'አትፈርሙ' ብል ነስሮ 'ማን አለ?' ይለኛል። ባለቤት የሌለው ወሬ ምን ያደርግልኛል? 'ሽማግሌው ጃጀ' ብለው ይስቁብኛል፣ ከዚያ ይፈርማሉ። ሰሚው ራሱ ቆሞ ይናገር። ትናገራለህ?»

«አልችልም።»

«በረንዳውን ፈርተህ ነው?»

«በረንዳውንም። ነገ አንድ ሰው ጨርቅ ይዞ ሲመጣ 'ይኼ ይሰማል' ይለኛል። መንገዱ ሁሉ ይጠላኛል። ሌሎቹም ሰፊዎች በእኔ ጦስ ይጠረጠራሉ።»

«እውነትህን ነው፣» አሉኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «አላህ ያግራልህ። ሂድ፣ ቤተሰብህን ጠብቅ።»

ቤቴ ስደርስ ፀሐይዋ ወደ ግንቡ አዘንብላለች። በሩን ከፈትኩ። ምስማሩ ባዶ ነው።

«በለጡ!»

ከጓሮ እየሮጠች መጣች። «ምነው? ምን ሆንክ?»

«ቦርሳውስ?»

ዞር ብላ አየች። ፊቷ አመድ መሰለ። «እኩለ ቀን ላይ ነው የወጣው... ልምምድ ነው ብሎኝ...»

«ለልምምድ የሚይዘው ፌስታል አይደለም ወይ?»

«እኔ ምን አውቄ! ኧረ በመድኃኔዓለም ሂድ፣ ኒቆ! ምን ትቆማለህ?»

ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ ሮጬ አላውቅም። ኤረር በር አጠገብ አትክልት የሚሸጡት ሴቶች ዕቃቸውን እየሰበሰቡ ነበር። አንዷ፣ ዘቢባ የምትባለው፣ «አቦ ጋሼ፣ ማን ሞተ?» አለችኝ። አልፌያት ሮጥኩ። ከበሩ የሚወርደውን መንገድ ስጀምር በሐሳቤ የማየው ልጄን ከጭነት መኪና ሸራ ሥር ነው፣ ከዚያ አሸዋ ላይ፣ ከዚያ... ከዚያ በኋላ ያለውን ማየት አልፈለግኩም።

ልጆቹ ከሚለማመዱበት ገላጣ ስደርስ አቧራው መሐል ሰው አየሁ። ወትሮ ሃያ ይሆናሉ። ዛሬ ስምንት ናቸው። አንዱ ለብቻው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ባርኮት።

አጠገቡ ደርሼ ትከሻውን ያዝኩ። አጥንቱ እስኪሰማኝ ጨበጥኩት።

«አባዬ? ምነው? እማዬ አመማት?»

«ቦርሳህስ?»

እግሩ ሥር ወዳለው ኳስ አየ። ከዚያ፣ «ለታደሰ አዋስኩት» አለኝ።

«የት ሊሄድበት?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ግን ከአፉ እንዲወጣ ፈለግኩ።

«እሑድ ጠዋት ይወጣሉ። እሱና ሦስት ልጆች። ለደላላው ተናግረዋል።» ኳሱን በእግሩ ገፋው። «የእኔ ጥፋት ነው። ነስሮ አራቱ የራሳቸውን ሊግ ሊጀምሩ መሆኑን ነግሮ ለኮከብ ሲጠራኝ ለማንም አትንገር ብሎኝ ነበር። ታደሰን ደብቄ መሄድ አቃተኝና ነገርኩት። 'እንግዲያ ሊጉ አበቃ፤ እኛ ከማን ጋር ልንጫወት ነው? ከግድግዳ ጋር?' አለኝ። ሳቀ። ከዚያ 'ቦርሳህን አውሰኝ፤ እሱ መንገዱን ያውቀዋል' አለኝ።»

«አንተስ?»

«እኔማ ማልያ ተሰፍቶልኛል። የሰፋኸው አንተ አይደለህ?» ቀና ብሎ አየኝ። «ሰኞ ሲያወሩ ሰምተሃል አይደል?»

«ባርኮት፣ መኪናው እየጮኸ...»

«አባዬ፣ ተው። ጆሮህ መቼ ተኝቶ ያውቃል?» ድምፁ አልከረረም፤ ደክሞት ነበር። «ያን ዕለት ስሄድ በሩን በኃይል የዘጋሁት ሆን ብዬ ነው። ሰምተህ ትወጣለህ ብዬ። ጥጉ ላይ ቆሜ ጠበቅኩህ።»

ድንጋዩ ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ኳሳቸውን ይዘው አንድ አንድ እያሉ ሄዱ። ከጀጎል በኩል የመግሪብ አዛን ተሰማ፤ ከአንዱ መስጊድ ጀምሮ ከሌላው፣ ከዚያ ከሌላው እየተቀባበለ።

«ሊጉ ባይፈርስ ታደሰ ይቀራል?» አልኩት።

«አላውቅም። ልቀር ቢል ግን የሚቀርበት ነገር ይኖረዋል።»

ባርኮትን ወደ እናቱ ላክሁትና ወደ ጀጎል ተመለስኩ። ጋሽ ማሒር ሰግደው መግባታቸው ነበር። ልጃቸው ናዝራ በሩን ከፈተችልኝ። እሳቸው ሲያዩኝ ነደባው ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

«ጋሽ ማሒር፣ አንድ ነገር ደብቄዎት ነበር። ከነስሮ ዝርዝር ላይ የእኔ ልጅ ስም አለ። የሰፋሁትም እኔ ነኝ።»

«እ?»

«ነገ እሱንም እናገራለሁ። ካልተናገርኩ ሌላው ለምን ያምነኛል?»

«ነስሮ ፊት ለፊትህ ነው የሚቀመጠው። ስሙን ትጠራለህ። ኋላ 'አልሰማሁም' ብትለኝ እኔንም ይዘኸኝ ትወድቃለህ፣ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«በረንዳውስ?»

«በረንዳው የእሱ ነው። መኪናዋ የእኔ ናት።»

ይህን ስል ጀግንነት የመሰለው ካለ ተሳስቷል። ነደባው ላይ እንደተቀመጥኩ እግሬ ብቻውን ይረግጥ ነበር፤ ናዝራ እያየችው ነው፣ ላቆመው ብሞክርም እንቢ አለኝ። ጋሽ ማሒርም አዩት፤ አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

«ስብሰባው በሦስት ሰዓት ነው፣» አሉኝ። «ሳይጀመር ና። ወረቀቱ ከመዞሩ በፊት አንተን አስነሳለሁ። ትነሳለህ?»

«እነሳለሁ፣» አልኳቸው።