ያለ ምግብ የማይጠጣው

ለሦስተኛ ጊዜ ሴንቴኒያል ሂልስ የሚባለው ሰፈር ድረስ ነድተን፣ ለሦስተኛ ጊዜ የዓምደሚካኤል ሳሎን ውስጥ ቆመናል። እኔ፣ ኪዳኔና ግዛቸው፣ ሦስት ሽማግሌ። ሴት ልጁን ናርዲን ሽማግሌ አድርጎ ለላከን ለሮቢ እንዲድርልን ነው የምንለምነው። ሁለቴ «ላስብበት» ብሎ መልሶናል። ዛሬም እሺ ካላለ አራተኛ የለም፤ ነገሩ እዚሁ ይቀራል። የሽማግሌ ደንብ ደግሞ የታወቀ ነው፤ እሺታ ሳይሰማ አይቀመጥም፣ እህል ውሃም አይቀምስም። ጉልበቴ ግን ደንብ አያውቅም፤ ገና ከመግባታችን ይነዘንዘኝ ጀመር።

ዓምደሚካኤልን ከሱዳን የስደተኞች ካምፕ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የካዚኖ ጡረተኛ ነው፤ ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ከናርዲ ጋር ይኖራል። ሮቢን የሚነቅፍበት ምክንያት አንድ ነው፤ ልጁ ስትሪፕ በሚባለው የካዚኖ ጎዳና ላይ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ለየምግቡ የሚስማማውን ወይን እየመረጠ ለእንግዳ ያቀርባል።

«መጠጥ ቀጂ!» ይላል ዓምደሚካኤል። «ልጄን ለመጠጥ ቀጂ!»

ሮቢ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው፤ የሽምግልናን ደንብ ከየት ይወቀው? ደጃፍ ፓርክ አድርጎ ሲያወርደን አንድ ረዥም ጠርሙስ አስታቀፈኝ።

«ጋሼ ዘውገ፣ ይሄ የጀርመን ነጭ ወይን ነው፣ ሪዝሊንግ፤ ድራይ፣ ስኳር የለውም። ፕሊስ፣ ያለ ፉድ ሰርቭ እንዳታደርጉት!»

ዓምደሚካኤል ጠርሙሱን ሲያይ ፈገግ አለ። «እስቲ የሚኮራበትን ሙያ እንቅመሰው» ብሎ ቀዳና ተጎነጨ። ፊቱ ጭምድድ አለ።

«ይሄማ ሎሚ ነው!»

«ብቻውን አይጠጣም ብሏል» አልኩት። «ከምግብ ጋር ነው።»

ምግቡ አጠገቡ ነው። ናርዲ የጠበሰችው ዓሣ ሚጥሚጣ ተነስንሶበት፣ ጎመኑና አይቡ በጎኑ። ኪዳኔ ምራቁን ሲውጥ ተሰማ። ዓምደሚካኤል እጁን ሰደደና እኛን ቀና ብሎ አየ። ቆመናል።

«በሉ ቁጭ በሉና አብረን እንሞክረው።»

«እሺታህን ሳንሰማ?»

«ለቴስት ብቻ!»

«ሽማግሌ ለቴስት አይበላም» አለ ግዛቸው፣ ዓይኑ ዓሣው ላይ እንደተተከለ።

«ታዲያ ብቻዬን ልብላ?»

«ብላ እንጂ፣ ማን ከለከለህ? ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል ከማለት በቀር።» አልኩት፤ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር።

እሱ ግን አልሳቀም። ብርጭቆውን አስቀምጦ ናርዲ ወዳለችበት ወደ ኩሽናው አየ።

«እሷ ስትሄድ እኮ ይሄው ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እኔና ሳህኔ።»

አንጀቴን በላው። ያ ሁሉ «መጠጥ ቀጂ» ለካ ከዚህ የመጣ ነው!

በድንገት ጉሮሮውን ጠራረገ። «እሁድ እሁድ እዚህ ይበላሉ። ጠርሙሱን እሱ ያመጣል። በዚህ ከተስማማችሁ ሰጥቻለሁ!»

«ተስማምተናል!» አልን ሦስታችንም በአንድ አፍ። ኩሽና ውስጥ ሳህን ወድቆ ተሰበረ፤ አስከትሎ እልልታ። ሙሽራ ለራሷ እልል ስትል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ግዛቸው ከመቀመጡ በፊት ጎርሷል።

ዓምደሚካኤል ዓሣውን ጎረሰ፣ ከላዩ ወይኑን ተጎነጨበት። ዓይኑ ፈጠጠ።

«ኧረ! ሚጥሚጣውን አብርዶት ደግሞ ዓሣውን ያስመኛል!» ጎመኑን በአይብ ጎረሰ፣ ደገመ፣ ሠለሰ። «ሎሚ ነው ያልኩት እኔ ነኝ?» እያለ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኛም ሳቅን፤ ኪዳኔ ትን አለው። ጉልበቴን ረሳሁት።

«ልጁ የት አለ? ጥሩት!»

ሮቢ ላብ በላብ ሆኖ ገባ። መኪና ውስጥ ሲያጠና የቆየውን አማርኛ ጀመረ። «ክቡር አባቴ፣ እኔ ለናርዲ...»

ዓምደሚካኤል ዓሣውን በእንጀራ ጠቅልሎ የሮቢን አፍ ሞላው።

«መጀመሪያ ጉረስ! ያለ ምግብ አይሆንም ያልከው አንተ ነህ።»