አሥራ አንደኛው ፊርማ

«ኧረ አትነቃነቅ፣ አባዬ!»

«እያነቅሽኝ እኮ ነው! ላላ ብሎኝ ገና አሁን አጥብቄው ነበር፤ አንቺ ደግሞ መጥተሽ በላዩ ላይ ሳብሽው። ሁለታችንም ካጠበቅነው እኔ በምን ልተንፍስ?»

ልጃቸው ሳቀችና የክራቫቱን ቋጠሮ በሁለት ጣቷ ታላላ ጀመር። የቆሙት በቤተ ሙከራው ዕቃ ግምጃ ቤት፣ በሽቦ ጥቅልሎችና በአምፖል ካርቶኖች መካከል ነው። ሽማግሌው ጥቁር ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ ጫማቸው ፊት ያሳያል። ክራቫት ማሰር ግን በዕድሜያቸው ሙሉ አልሆነላቸውም።

ድንገት የልጅቱ እጅ ቀጥ አለ።

«ምን አልክ አሁን?»

«በምን ልተንፍስ አልኩ።»

«ከዚያ በፊት።»

«አጥብቄው ነበር፣ አንቺ ደግሞ በላዩ...»

አላስጨረሰቻቸውም። ክራቫቱን እንዳንጠለጠለች ለቀቀችውና በሩን በርግዳ ወጣች። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ስትወጣው የጫማዋ ድምፅ እስከ ግምጃ ቤቱ ድረስ ይሰማ ነበር።

«ደግሞ ምን ነካት?» አሉ ለአምፖሎቹ። ሰዓታቸውን አዩ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። አራት ሰዓት ሲሆን ፖስታው ይከፈታል። ዛሬ ጠዋት ከዚህ ውጪ የሚያሳስባቸው ነገር አልነበረም።

እኚህን ሰው በቤተ ሙከራው ውስጥ በእውነተኛ ስማቸው የሚጠራቸው የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያለ ፊርማ አንዲት ቡሎን እንኳ አሳልፈው ስላልሰጡ ሁሉም «ጋሽ ፊርማ» ይላቸዋል። አንድ ጊዜ ዳይሬክተሯ ራሷ ባትሪ ፈልጋ ብትመጣ «ቅጹን ይዘሽ ነይ፣ የኔ እመቤት» ብለው ባዶ እጇን መልሰዋታል። እሷም ይህን አልረሳችም። ከሦስት ዓመት በፊት ፖስታውን የሚጠብቅ ሰው ሲፈለግ ጣቷን የቀሰረችው ወደሳቸው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በምድር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ አንድ ትልቅ የማግኔት ቀለበት አለ። በቀለበቱ ውስጥ ሙዮን የሚባሉ ቅንጣቶች ይሮጣሉ። ሙዮን የኤሌክትሮን ወፍራም ታላቅ ወንድም ነው፤ ተወለደ ሲባል ጠፋ ነው። በዚያች ዐይን ጨፍኖ መግለጫ በማትሞላ ዕድሜው ግን እንደ እንዝርት እየሾረ ይወዛወዛል። የቤተ ሙከራው አሥራ አንድ ተመራማሪዎች ሥራ ያንን ውዝዋዜ መለካት ነው። መጻሕፍቱ ምን ያህል መሆን እንዳለበት ይናገራሉ። የተለካው ከመጽሐፉ ጋር ካልገጠመ፣ እስከ ዛሬ ማንም ያልመዘገበው አንድ ነገር ሙዮኑን እየነካካው ነው ማለት ነው።

ታዲያ ሰው የሚመኘውን ማየት ይወዳል፣ ሳይንቲስትም ቢሆን። ስለዚህ ሥራው ሲጀመር ከሌላ አገር የመጡ አንዲት ምሁር የመለኪያውን ሰዓት በድብቅ ትንሽ አፈጠኑትና ምን ያህል እንዳፈጠኑት በወረቀት ጽፈው በፖስታ አሸጉት። አሥራ አንዱም ሰዎች ሦስት ዓመት ሙሉ የለኩት በሚዋሽ ሰዓት ነው። ፖስታው እስኪከፈት ድረስ ያገኙት ቁጥር ከመጽሐፉ ጋር ይግጠም አይግጠም አንዳቸውም አያውቁም። ከመከፈቱ በፊት ሁሉም «ሥራዬን ጨርሻለሁ፣ የምለውጠው የለኝም» ብለው ይፈርማሉ። ከተከፈተ በኋላ አንዲት ነጥብ መንካት ክልክል ነው።

ጋሽ ፊርማ ፖስታውን በካዝናቸው ቆልፈው እንደ ዐይናቸው ብሌን ጠብቀውታል። ልጃቸው ከአሥራ አንዱ አንዷ ናት፤ ከአባቷ ጋር በአንድ ቤት ትኖራለች። አንድ ቀን ራት ላይ «አባዬ፣ ወደ መብራት አስጠግተህ አይተኸው አታውቅም?» ብላ ብትቀልድባቸው ሁለት ቀን አኮረፏት።

የነገሩን ትልቅነት ያስረዳቻቸውም እሷ ናት። «ተፈጥሮ አራት ኃይሎች አሏት» አለቻቸው፣ «ስበት አንድ፣ ኤሌክትሪክና ማግኔት አብረው አንድ፣ ሁለቱ ደግሞ በአቶም እምብርት ውስጥ የተደበቁ። ለእያንዳንዱ የየራሱን ሕግ ጽፈናል። የምንፈልገው ግን አራቱንም የሚያስተዳድረውን አንዱን ሕግ ነው።»

«አራት መጋዘን፣ አራት መዝገብ» አሉ ጋሽ ፊርማ ጥቂት አስበው። «ባለንብረቱ አንድ ከሆነ መዝገቡ ለምን አራት ሆነ?»

«እሱን እኮ ነው የምንጠይቀው!»

ከዚያ ቀን ወዲህ ጥያቄው የራሳቸው ሆነ። ታክሲ ውስጥም፣ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድም ያወሩታል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ጡረታ ይወጣሉ። ዛሬ ፖስታውን በገዛ እጃቸው እንዲከፍቱት ተፈቅዶላቸዋል፤ ለዚሁ ሲሉ አዲስ ምላጭ ገዝተው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከትተዋል። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዐይናቸው አልዞረም።

አራት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። በግድግዳው ስክሪን ላይ ከሌሎች ቤተ ሙከራዎች የተሰበሰቡ ፊቶች ተደርድረዋል። ጋሽ ፊርማ ፖስታውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ዳይሬክተሯ ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ግን ማይክሮፎን የማያስፈልገው ሴት ናት።

«አሥሩ ፈርመዋል! አንዷ የታለች? ጋሼ፣ ልጅዎን የት ደበቋት?»

«ቅድም ክራቫቴን ጥላብኝ እንደ እብድ ሮጠች» አሉ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተ። ልጅቱ ላብ በላብ ሆና፣ ላፕቶፗን ደረቷ ላይ አቅፋ ገባች።

«ነይ፣ ነይ! ያንቺ ብቻ ነው የቀረው» አለች ዳይሬክተሯ እስክሪብቶ እየሰጠቻት።

ልጅቱ ቅጹ ላይ ጎንበስ አለች። ከዚያ ቀና ብላ አባቷን አየች፤ ሙሉ ልብሳቸውን፣ ጠማማውን ክራቫት፣ ጉልበታቸው ላይ ያለውን ፖስታ። የታች ከንፈሯን ነከሰች። እስክሪብቶው ከወረቀቱ በላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ጋሽ ፊርማ ያቺን ከንፈር ያውቋታል። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች የግድግዳ ሰዓት ሰብራ ማታውን ሁሉ እንዲሁ ነክሳት ነበር። አሁን «ፈርሚ፣ ልጄ» ቢሏት ትፈርማለች። ለሳቸው ስትል ትፈርማለች። ምላጩም ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ የቀራቸውም ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። ፖስታውን መክፈት ፈልገው ነበር፤ በሕይወታቸው ይህን ያህል የፈለጉት ነገር ጥቂት ነው።

ብድግ አሉና ቅጹን ከፊቷ አነሱት።

«አንድ ፊርማ ይጎድላል» አሉ። «ፖስታውን ወደ ካዝናው እመልሳለሁ።»

«ጋሼ፣ እየፈረመች እኮ ነው!»

«አልፈረመችም። ሰው ዕቃ ሲረከብ እጁ ከቆመ የሆነ ነገር ጎድሎበታል።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ቆጠራው ልክ ነው?»



«አይደለም፣ አባዬ» አለች። ድምፅዋ መጀመሪያ ቀጥኖ ነበር፤ እየቆየ ግን ጠነከረ። «አዳራሹ ሲሞቅ የሙዮኖቹን ብልጭታ የሚቆጥሩት ብርሃን ቆጣሪዎች ይደክማሉ። ለሱ የሚሆን ማካካሻ በፕሮግራሜ ውስጥ አስገብቻለሁ። ግን የተሰበሰበው መረጃ እኔ ዘንድ ከመድረሱ በፊትም የተካካሰ ይመስለኛል።»

ቆጣሪዎቹን የሠራው፣ ሁሉም «ረጅሙ» የሚለው ሰው፣ ከኋላ ተነሣ። «ምን ማለትሽ ነው? ማካካሻውማ እኔ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከመነሻው...»

ወደ ልጅቱ ዞረ።

«ነገርኩሽ አይደል?»

«አልነገርከኝም።»

«የነገርኩሽ መስሎኝ!» ረጅሙ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። «ሁለታችንም! አንድ ዓመት ሙሉ ሁለታችንም አጥብቀነዋል!»

«ያንተን ልተወውና የኔን ላውጣው» አለች ልጅቱ፤ ላፕቶፗን ከስክሪኑ ጋር እያያያዘች። «ያ ሲያደርቀን የከረመው ሞገድ... ቀን ቀን ከፍ፣ ማታ ማታ ዝቅ የሚለው... ከየት እንደመጣ ማንም ያላወቀው...»

በስክሪኑ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚያውቁት የተወላገደ መስመር ታየ። ልጅቱ አንዲት ቁልፍ ተጫነች። ስሌቱ ሁለት ደቂቃ ያህል ፈጀ። ከዚያ መስመሩ እንደገና ተሣለ። ቀጥ ያለ፣ ለጥ ያለ ሆነ።

አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ረጅሙ ወንበር ላይ ወጥቶ ያጨበጭባል። በስክሪን ያሉት ሰዎች ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራሉ። ዳይሬክተሯ ልጅቱን አንገቷን አንቃ ሳመቻት። ጋሽ ፊርማ የመስመሩ ነገር ብዙም አልገባቸውም፤ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ቆጠራ ሳይገጥም ኖሮ ሲገጥም ምን እንደሚመስል ያውቃሉና እንባቸው መጣ።

«እንግዲህ ተስተካከለ!» አሉ አንድ ሽበታም ፕሮፌሰር እጃቸውን እያፋተጉ። «ትፈርምና እንክፈተው! ሰው ሁሉ ተሰብስቧል፤ ጋሼም ለብሰው መጥተዋል።»

ብዙዎች «እውነት ነው!» አሉ። ዳይሬክተሯ እንኳ ለአፍታ ወደ ፖስታው አየች።

ጋሽ ፊርማ ፖስታውን ወደ ደረታቸው አስጠጉት። «ሕጉ ምን ይላል?»

«ለውጥ ከተደረገ ሌላ ቡድን ስሌቱን ከመጀመሪያው ለብቻው ይደግመዋል» አለች ልጃቸው ቀስ ብላ። «ስድስት ሳምንት ይፈጃል፣ አባዬ።»

ስድስት ሳምንት። ጋሽ ፊርማ በልባቸው ሦስቱን ቀነሱ። ፖስታው ሲከፈት እሳቸው ጡረታ ከወጡ ሦስት ሳምንት ይሆናቸዋል።

«እንግዲያው ስድስት ሳምንት ነው» አሉ። «ዛሬ ብትከፍቱት ነገ ማን ያምናችኋል? እኔ ራሴ አላምናችሁም።» ፖስታውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ወደ ግምጃ ቤታቸው ወረዱ።

ልጃቸው ተከትላቸው መጣች። ካዝናው ፊት ቆመው አገኘቻቸው።

«ይቅርታ፣ አባዬ። ያንተ ቀን ነበር።»

«ለምኑ ነው ይቅርታው? ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሳያነብ ሲፈርምልኝ ኖሬያለሁ። አንብቦ እጁን የሰበሰበ ዛሬ ገና አየሁ።» ፖስታውን አስገቡ። «ለመሆኑ እሱ መዝገብ... አንዱ መዝገብ... አሁን ቀረበ ወይስ ራቀ?»

«አላውቅም!» አለች፤ ዐይኖቿ በርተው። «እሱ እኮ ነው ደስ የሚለው። ምንም አላውቅም! ግን አሁን የሚመጣው ቁጥር፣ ምንም ይሁን ምን፣ እውነተኛው ነው።»

ጋሽ ፊርማ ሣቁ። ከዚያ ክራቫቱን ሳይፈቱ፣ ቋጠሮውን ላላ አድርገው በራሳቸው ላይ አወለቁት። ምላጩን ከኪሳቸው አወጡ። ሁለቱንም ካዝናው ውስጥ ፖስታው አጠገብ አስቀመጧቸው። ቀጥለው መዝገባቸውን ዘርግተው፣ በዚያ ቀጥ ባለ ጽሑፋቸው ጻፉ። ልጃቸው በትከሻቸው ላይ አንገቷን አስግጋ አነበበች።

«ፖስታ፣ የታሸገ፣ አንድ። ምላጭ፣ አዲስ፣ አንድ። ክራቫት፣ እንደታሰረ፣ አንድ። ሦስቱም በአንድ ቀን የሚወጡ ሆነው፣ ክራቫቱ ለባለቤቱ በእጁ ካልተሰጠ ሌሎቹን ማውጣት አይፈቀድም።»

«አባዬ! አዲሱ ግምጃ ቤት ጠባቂ ምን ይላል?»

«ሥራውን የሚያውቅ ከሆነ ስልክ ይደውልልኛል።» እስክሪብቶውን ወደሷ አስጠጉ። «ምስክር የሚለው ላይ አንድ ፊርማ ይጎድላል። አንብበሻል?»

«አንብቤያለሁ» አለችና እጇ ሳይቆም ፈረመች።