ቅንፉን ዝጋው

"እሱንም አጥፋው" አለች የሲስተም ኃላፊዋ፣ ከጥድፌ ጀርባ ቆማ ወደ ስክሪኑ እየጠቆመች። "ፕለጊን የተባለ በሙሉ ይነሳል ተብሏል። ኮዱን ቀለም የሚቀባውም፣ ቃል የሚያስታውሰውም፣ ሁሉም።"

"ይሄኛው ምንም አያደርግም። ዝም ብሎ የተቀመጠ ነው።"

"ዝም ብሎ የሚቀመጥ ከሆነማ ምን ይሠራልሃል?"

እሷም መልስ ሳትጠብቅ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄደች።

የመሥሪያ ቤቱ ፕሮግራመሮች፣ ኮድ በሚጽፉበት ኤዲተር ላይ የለጠፉትን ተጨማሪ ነገር ሁሉ እስከ ሥራ መውጫ እንዲያነሱ የታዘዙት ጠዋት ነው። ማን እንደሠራው በማይታወቅ ፕለጊን በኩል የአንድ ድርጅት ምስጢር ተዘርፏል የሚል ወሬ መጥቶ አለቆቹን አስደንግጧቸው ነበር። የሲስተም ኃላፊዋ ደግሞ ድሮም ፕለጊን አትወድም። "ኤዲተሩ እኮ የራሱ እጅና እግር አለው፤ ምርኩዝ የደረደራችሁበት እናንተ ናችሁ" እያለች ስትዞር አረፈደች። እውነቷን ነበር። ጥድፌ አንዱን ካነሳ በኋላ ሌላውን ሲያነሳ፣ ቀለም መቀባቱንም፣ ቃል መፈለጉንም፣ የተበላሸ መስመር ማስተካከሉንም ኤዲተሩ ራሱ አሳምሮ ይችለው ኖሯል። ለካስ ስንት ዘመን ባለቤቱን ትቶ እንግዳ ሲለማመጥ ኖሯል።

አንዱ ግን ቀረ። እሱን የሠራለት ዘበኛው ነው።

ዘበኛው ዘበኛ አይደለም፤ እንደ ጥድፌ ፕሮግራመር ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ሲሠሩ ጀርባው ለበሩ ስለነበር፣ ማንም ገብቶ በሩን ገርበብ አድርጎ ከተወው ዞር እንኳ ሳይል "ዝጋው፣ ብርድ ይገባል" ይላል። ስሙም በዚያው ወጣለት። ጥድፌ ደግሞ ስሙ እንደሚናገረው ነው፤ ሲጽፍ ይጣደፋል፣ ቅንፍ ይከፍትና ሳይዘጋ ያልፋል፣ ከዚያ ፕሮግራሙ አልሄድ ብሎ ሲገተርበት ፀጉሩን ይነጫል። ታዲያ ሥራ ቀዝቀዝ ባለበት አንድ ከሰዓት ዘበኛው ቁጭ አለና ትንሽ ፕለጊን ሠራለት። ጥድፌ ቅንፍ ክፍት በተወ ቁጥር ከስክሪኑ ግርጌ ጽሑፍ ብቅ ይላል። "ቅንፉን ዝጋው፣ ብርድ ይገባል።" ሌላ ቀን ደግሞ "አንተ ሰውዬ፣ ቤትህም እንዲህ ነው?" ይለዋል። ያን ቀን ሁለቱ እንባቸው እስኪመጣ ነበር የሳቁት።

ከዚያ ዘበኛው ሌላ ሥራ አግኝቶ ለቀቀ። ጥድፌ የሰማው ከሰው ነው። ለሁሉም ተዳርሶ ለእኔ ወሬ ሆኖ መጣ ብሎ ተቀየመ። ዘበኛው ደወለ፤ አላነሳም። ደግሞ ደወለ፤ አሁንም አላነሳም። ቆይቶ መደወሉም ቀረ። ኩርፊያው ካለፈ በኋላ እንኳ ማን ቀድሞ ይናገር የሚለው ነገር እንደ ድንጋይ ተጋረጠ። የዘበኛው ወንበር የካርቶን ማስቀመጫ ሆነ። ጥድፌ ከቤት ሲወጣ የሚሸኘው፣ ሲገባ የሚቀበለው የለም። አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ለእሱ ብሎ የሚያናግረው ያ ፕለጊን ብቻ ነው። ይባስ ብሎ፣ ሰው ቢያውቅበት ያፍር ነበር እንጂ፣ ሆን ብሎ ቅንፍ ክፍት የሚተውበት ጊዜ ነበር።

ዛሬ ጠዋትም ትቶ ነበር። የመጣው ጽሑፍ ግን "ሳልህ ተሻለህ? ቅንፉንም ዝጋው" የሚል ነው።

ጥድፌ እውነትም ሳል ይዞት ሰንብቷል። ዘበኛው ከመሄዱ በፊት ብዙ ቀልድ አጭቆበት የሄደ ይመስለው ነበር፤ ሳሉን ግን ከየት አመጣው? ነገሩ ሲከነክነው ቆይቶ የሲስተም ኃላፊዋን መልሶ ጠራት።

"ፕለጊን ሳል ይሰማል?"

"ምን?"

"ማይኩን ከፍቶ... እንዲያው ሰው ሲያስል ያውቃል ወይ?"

ካርቶኖቹን ከወንበሩ አንስታ ተቀመጠች፤ ኪቦርዱን ሳበችና የፕለጊኑን ሆድ ዕቃ ትበረብረው ጀመር።

"ማይክ አይነካም" አለች። "ግን ጠዋት ጠዋት ኤዲተሩን ስትከፍት በኢንተርኔት ወደ ውጭ ሄዶ አዲስ ጽሑፍ ያመጣል። እዚያ ማዶ ሆኖ መምጣቱን የሚያይ፣ የሚጽፍለትም ሰው አለ ማለት ነው።"

"ማን?"

"የሠራው ሰውዬ ነዋ። ሌላ ማን ይሆናል?"

"ለሌሎችም ይጽፋል?"

"የምን ሌሎች? ያንተ ስም ብቻ ነው ያለው።" ተነሳች። "ይሄውልህ፣ አጥፉ የምንላችሁ ለዚህ ነው። ሳታውቀው ከሰው ጋር ያገናኝሃል።"

ጥድፌ ስልኩን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወጣና ታላቅ እህቱ ጋ ደወለ።

"እታለም፣ ማሳሌን ለማን ተናገርሽ?"

"ሰላምታ የለም እንዴ? ደህና ነኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በልተሃል?"

"እታለም፣ ለማን?"

"ለዘበኛው። ታክሲ ስጠብቅ አገኘሁት። 'እንዴት ነው?' አለኝ፤ ሳል ይዞት አልለቅ ብሎታል አልኩት። ልዋሽ ነበር?"

"ሌላ ምን አለሽ?"

"እንደምትከፋ አውቆ፣ ጥሩ ቀን መርጬ እነግረዋለሁ ሲል ወሬው እንደቀደመው ነገረኝ። ከዚያ ደግሞ 'ስልክ አያነሳልኝም፤ ግን ጠዋት ጠዋት ይመጣል፣ ደህና መሆኑን በዚያ አውቃለሁ' አለኝ። የት ነው የምትሄደው? እሱ ጋ ትሄዳለህ እንዴ?"

"አልሄድም" አለ ጥድፌ። ድምፁ ተሰብሮ ስለነበር እንደ ማሳል አደረገው።

"ይሄ ሳል አሁንም አለ? ሐኪም ጋ ሂድ አላልኩህም፣ አንተ ልጅ?"

ስልኩን ከዘጋ በኋላ መስኮቱ አጠገብ ቆመ። ታች መንገዱ ላይ ሰው ሁሉ ሁለት ሁለት እየሆነ ለምሳ ይወጣል። ተተውኩ ብሎ ሲያኮርፍ ከርሟል፤ ሰውየው ግን አንድም ጠዋት ሳያጓድል በሩ ላይ ሲጠብቀው ነበር። በራሱ አፈረ። ፕለጊኑ ዛሬ ከጠፋ ዘበኛው ነገ ጠዋት ያያል፤ የሚመጣ የለም። ያኔ እሱስ ምን ብሎ ያስባል? ይሄ ደግሞ ከሁሉም በላይ አንጀቱን በላው።

ሲመለስ የሲስተም ኃላፊዋ ወንበሩ አጠገብ እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች።

"ልትለምነኝ ነው መሰል።"

"አይደለም፤ አጠፋዋለሁ" አለና ማጥፊያውን ተጫነው። ፕለጊኑ ድምፅ ሳያሰማ ከስክሪኑ ተነሳ።

"በል አሁን ቅንፍ ክፈት።"

ከፈተ። መዝጊያው ሳይነካው ከጎኑ ዱብ አለ።

"አየህ? ከፍተህ ሳትጨርስ ራሱ ይዘጋልሃል። ድሮም ይችል ነበር፤ ያ የለጠፍከው ነው ዝም ያሰኘው።"

"ጎበዝ ነው" አለ ጥድፌ። "ብቻ አይናገርም።"

"ኤዲተር ምን ብሎ ይናገራል?" ብላ ትከሻዋን ነቀነቀችና ሌላ ጠረጴዛ ጋ ሄደች።

ጥድፌ ብቻውን ቀረ። ድሮም ይችል ነበር የሚለው ቃል ከጆሮው አልወጣም። እሱስ ቢሆን የራሱ አፍ ነበረው፤ ስልክም ነበረው። ስልኩን አወጣ። የዘበኛው ስም ካለፉት ጥሪዎች መካከል የለም፤ ፈልጎ አገኘው። "ይቅርታ፣ ያኔ ስትደውል" ብሎ ጀመረና አጠፋው። "ሳሉ ተሽሎኛል" ብሎ ጻፈ፤ ውሸት ስለሆነ እሱንም አጠፋው። ከወንበሩ የተነሱት ካርቶኖች መሬት ላይ ተበትነዋል። ወደነበሩበት ሊመልሳቸው እጁን ሰደደ፤ ከዚያ ተዋቸው።

ስልኩ ላይ አንድ ቅንፍ ከፈተ። ሳይዘጋው ላከው።